የባንክ ደብተርና የጡረተኛ ቪዛ፦ የአንድ ቁጥር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት ሳይሆን፣ የባንክ ደብተሩንና የጡረታ ሰነዱን ይዞ በኢሚግሬሽን መስኮት ፊት ስለሚቆም አዛውንት ነው። አንድ ሰው የቀረ ዕድሜውን በሰው አገር ለማሳለፍ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ አገሪቱ መልሳ «ስንት አለህ?» ትለዋለች። ይህ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ፣ የሚጠበቀውም መልስ በምን ምክንያት እንደ ተለዋወጠ መመርመር የታሪክ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱን፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጥያቄው ሥር ከጡረታ ቪዛ የቆየ ነው። በ1882 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ራሱን ማስተዳደር የማይችልና በሕዝብ ገንዘብ የሚጦር ሰው ከመርከብ እንዳይወርድ ይከለክል ነበር። ሕጉ ግን የገንዘብ መጠን አልወሰነም፤ መርማሪው መንገደኛውን አይቶ ይፈርዳል። የጡረታ ቪዛ ሲመጣ ፍርዱ ከመርማሪው ዓይን ወደ ቁጥር ተሻገረ። ኮስታሪካ በ1971 ለውጭ አገር ጡረተኞች ልዩ ሕግ ስታወጣ፣ ፊሊፒንስም በ1985 ለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ስታቋቁም፣ ሸክምን መከላከል ብቻ አልነበረም የታሰበው፤ የውጭ ምንዛሪም ተፈልጎ ነበር። ጡረተኛ የአገሬውን ሥራ አይሻማም፤ ገንዘቡ ግን በየወሩ ይመጣል። በላኪዎቹ በኩልም የጃፓን የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር በ1986 «ሲልቨር ኮሎምቢያ» የተባለ፣ ጃፓናውያን ጡረተኞችን በውጭ አገር የማስፈር ዕቅድ አቅርቦ፣ አዛውንትን እንደ ሸቀጥ ወደ ውጭ መላክ ነው ተብሎ ክፉኛ ተነቅፏል።

ከነዚህ ሁሉ ረዘም አድርጌ የምመለከተው የታይላንድን ነው፤ ምክንያቱም የቁጥሩ ታሪክ እንደዚያ በግልጽ የሚነበብበት ቦታ የለም። ዕድሜው 50 ዓመት የሞላው የውጭ ዜጋ በጡረታ ስም የአንድ ዓመት ፈቃድ ለማግኘት በታይላንድ ባንክ 800,000 ባት ማስቀመጥ፣ ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ እንዳለው ማሳየት፣ አለዚያም የዓመት ገቢውንና ተቀማጩን ደምሮ 800,000 ባት መሙላት አለበት። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ስለዚህ ጥያቄውም በየዓመቱ ይጠየቃል።

በደንቡ ውስጥ ግን ችላ የምትባል አንዲት አንቀጽ አለች። ከጥቅምት 21 ቀን 1998 በፊት የገቡና ፈቃዳቸው ሳይቋረጥ የኖሩ ሰዎች፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የሚጠየቁት 200,000 ባት ተቀማጭ ወይም 20,000 ባት የወር ገቢ ብቻ ነው። በአንድ መስኮት ፊት የተሰለፉ ሁለት እኩያ ጡረተኞች፣ አንዱ የሌላውን አራት እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። የሚለያቸው ሀብትም ጠባይም አይደለም፤ የመግቢያ ቀናቸው ነው። ቀኑን ከዘመኑ ጋር አያይዛችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ታይላንድ ሐምሌ 2 ቀን 1997 ባትን በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ስትለቀው፣ አስቀድሞ 25 ባት ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በ1998 መጀመሪያ ከ50 ባት በላይ አውጥቶ ነበር። ለባለ ዶላሩ እንግዳ አሮጌው መጠን እጅግ ረክሶ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ደንብ አውጪው ቁጥሩን ሲያሳድግ ቀድሞ የገባውን ሰው በገባበት ውል እንዲኖር ፈቅዶለታል። ይህን አሠራር አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቁጥሩ በባት የተጻፈ ስለሆነ ሳይነኩትም ይንቀሳቀሳል። በ2007 አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ወደ 70 ባት ይጠጋ ነበር፤ ስለዚህ 65,000 ባት ለመሙላት 930 ፓውንድ ገደማ ይበቃል። በ2019 ፓውንዱ ወደ 40 ባት ወረደ፤ ያው 65,000 ባት 1,625 ፓውንድ ሆነ። በታይላንድ ደንብ ላይ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። በዚህ ላይ የብሪታንያ መንግሥት የራሱን ቀንበር ይጨምራል፦ ታይላንድ ውስጥ የሚኖር ጡረተኛ የመንግሥት ጡረታው ከኑሮ ውድነት ጋር አያድግለትም፤ በሄደበት ወይም መቀበል በጀመረበት ዓመት መጠን ይቆማል። ፊሊፒንስ ውስጥ የሚኖረው ጓደኛው ግን በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ምክንያት ጭማሪውን ያገኛል። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የፍርድ ቤቱ ታላቁ ችሎት በመጋቢት 2010 በ11 ለ6 ድምፅ ለመንግሥት ፈረደ። ስሌቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማየት፣ በ2019 ሙሉው አዲሱ የመንግሥት ጡረታ በሳምንት 168.60 ፓውንድ ነበር፤ በወር 730 ፓውንድ ገደማ፣ በባት 29,000 ያህል። ከሚጠየቀው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ እንዴት ኖሩ? ብዙዎቹ የኖሩት በወረቀት ነው። ጡረተኛው ኤምባሲው ዘንድ ሄዶ ገቢው ይህን ያህል እንደሆነ ይምላል፤ ኤምባሲው ፊርማውን ያረጋግጣል፤ ኢሚግሬሽኑ ወረቀቱን ይቀበላል። የአሜሪካ ኤምባሲ ያረጋግጥ የነበረው መሐላውን እንጂ ገንዘቡን አልነበረም። የታይላንድ ባለሥልጣናት በ2018 የገቢው እውነተኛነት እንዲጣራ ሲጠይቁ፣ የብሪታንያ፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎች ይህን ማጣራት አንችልም ብለው ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ ወረቀቱን መስጠት አቆሙ። ከዚያ በኋላ የቀረው መንገድ 65,000 ባት በየወሩ ከውጭ አገር ወደ ታይላንድ ባንክ ሲገባ ማሳየት፣ ወይም 800,000ውን ማስቀመጥ ሆነ። በዚያው ዓመት የተቀማጩም ደንብ ጠበቀ፦ ገንዘቡ ከማመልከቻው ሁለት ወር አስቀድሞ መግባት፣ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ሦስት ወር ሳይነካ መቆየት፣ በቀረው ጊዜም ከ400,000 ባት በታች አለመውረድ አለበት። ለእድሳት ሰሞን ገንዘብ አበድረው ወዲያው የሚመልሱ ደላሎች ስለነበሩ ጥብቀቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ነገር ግን ለሕመም ቀን የተቀመጠ ጥሪት በሕመም ቀን የማይነካ ከሆነ፣ ጥሪት ነው ወይስ መያዣ? እኔ መያዣ ነው እላለሁ። በ1882 የተፈራው ሰውየው ሸክም እንዳይሆን ነበር፤ አሁን ሸክም እንዳይሆን የሚረዳው ገንዘብ ራሱ ታስሯል።

በጥቅምት 2019 ደግሞ፣ ከአገራቸው ሳሉ ቪዛ አውጥተው ለሚገቡት፣ በኋላም ፈቃዳቸውን በዚያው ቪዛ ለሚያድሱት፣ የጤና መድን ግዴታ ተጨመረ፦ ለተኝቶ ሕክምና 400,000፣ ለተመላላሽ 40,000 ባት። ታይላንድ ከገቡ በኋላ በሌላ ዓይነት ቪዛ የጡረታ ፈቃድ ያወጡት አልተነኩም። ዕድሜው የገፋና ነባር ሕመም ያለበት ሰው አዲስ የመድን ውል ማግኘት ምን ያህል እንደሚቸግረው ለናንተ አላብራራም።

አሮጌውን ነዋሪ በአሮጌው ውል የማኖር አሠራርን አስታውሱ ብዬ ነበር። በማሌዥያ ይህ አሠራር ራሱ ለክርክር ቀርቧል። ማሌዥያ በ1996 «ብርማ ፀጉር» በሚል ስም የጀመረችውን የጡረተኞች መርሐ ግብር በ2002 «ማሌዥያ ሁለተኛ ቤቴ» ብላ አስፋፋችው። በ2021 መንግሥት የሚጠይቀውን የወር ገቢ ከ10,000 ወደ 40,000 ሪንጊት ከፍ አደረገ፤ የባንክ ተቀማጩንም አንድ ሚሊዮን ሪንጊት አደረሰ። የጆሆር ሱልጣን ሳይቀሩ በይፋ ተቃወሙ፤ ሚኒስቴሩም ነባር ነዋሪዎችን ከአዲሱ የገቢ መጠን ነጻ አደረጋቸው። በ2024 መርሐ ግብሩ እንደገና ተከልሶ በብር፣ በወርቅና በፕላቲነም ደረጃ ተከፈለ፤ የብሩ ደረጃ ተቀማጭ 150,000 ዶላር ነው። በነገራችን ላይ፣ በ1996 «ብር» የተባለው የጡረተኛው ሽበት ነበር፤ በ2024 ብር የተባለው ገንዘቡ ነው።

ከአገራችን ሕግ ጋር በአጭሩ ላነጻጽር። በእኛ አቆጣጠር በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን ይዞ ያለ መግቢያ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንዲኖር ይፈቅዳል። በዋሽንግተን ጡረታ ወጥቶ ባሕር ዳር የሚገባውን ሰው ሕጉ የሚጠይቀው «የማን ነህ?» ብሎ ነው። ይህም ጥያቄ በበኩሉ የሚያገልለው ሰው አለው፤ የሚመዝነው ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ታይላንድ ልመለስና ላብቃ። ከመስከረም 2022 ጀምሮ በአሮጌው በር አጠገብ ሌላ በር ተከፍቷል። «ባለጸጋ ጡረተኛ» የሚባለው አመልካች በዓመት 80,000 ዶላር፣ ወይም በታይላንድ 250,000 ዶላር ካዋለ በዓመት 40,000 ዶላር፣ ያለ ሥራ የሚገኝ ገቢ ካሳየ የአሥር ዓመት ቪዛ ይሰጠዋል፤ አድራሻውንም በየ90 ቀኑ ማሳወቁ ቀርቶለት በዓመት አንድ ጊዜ ያሳውቃል። የ800,000 ባቱ ሰው አሁንም በየዓመቱ ይሰለፋል። ከ1998 በፊት የገቡትም በ200,000 ባታቸው አብረው ይሰለፋሉ፤ ያን ጊዜ 55 ዓመት የነበረው ዛሬ ከ80 አልፏል፤ አንዲት እድሳት ካመለጠችውም ያቺ አንቀጽ አትሠራለትም።