ክራርና መድረክ፤ አስናቀች ወርቁን ከአሶሳ ሆኖ ማስታወስ

በ1987 ዓ.ም. አሶሳ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ለዓመቱ መዝጊያ በዓል አንድ አጭር ቴአትር ልናሳይ ተነሣን። ታሪኩ የሠርግ ነው። ሙሽራው ተገኘ፤ ሚዜዎቹም ተገኙ፤ ሽማግሌዎቹ በጥጥ ፂም ሠርተው ተሰየሙ። ሙሽራይቱ ግን ጠፋች። ከክበቡ ልጆች መካከል ድምፅዋ የሚመስጥ፣ ግጥምም የሚታዘዝላት አንዲት ተማሪ ነበረች። የሠርጉን ዘፈን ከነዜማው የደረሰችው እርሷ ናት። «በይ እንግዲህ ሙሽራይቱን ሁኚልን» ብላት አንገቷን ደፋች።

በማግስቱ አባቷ መጡ። በድርቁ ዘመን ከወሎ ተነሥተው በአሶሳ ዙሪያ ከሠፈሩት ወገን ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው እጅ ከነሡኝ በኋላ፣ «መምህር፣ ልጄን ቀለም ያስቆጥሩልኝ ብዬ ሰጠሁዎ እንጂ አዝማሪ ያድርጉልኝ አላልሁም» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ በልመና ነበር። መልስ አጣሁ። በመጨረሻም አንድ ቀጭን ወንድ ልጅ ሻሽ አስረን፣ ነጠላ አከናንበን ሙሽሪት አደረግነው። ልጁ ገና ብቅ ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ያ ሳቅ ዕድሜ ጠገብ ሳቅ መሆኑ የገባኝ ኋላ የቴአትራችንን ታሪክ ሳገላብጥ ነው።

የዘመናዊው ቴአትራችን ጅማሬ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ከደረሱት «ፋቡላ» ነው። የእንስሳት ተረት ቢመስልም ሹማምንቱን የሚነካ ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት አልተወደደም። ከዚያ በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ ጥበቡን በትምህርት ቤት ውስጥ አሳደጉት። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ከነጻነት በኋላም መድረኩ እየሰፋ ሄደ። ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት በተጻፉት ቴአትሮች ውስጥ ንግሥት፣ እናት፣ ሚስት ወይም እጮኛ ብትኖር የሚጫወታት አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነበር። ቀሚሱ የሴት፣ ጉሮሮው የወንድ።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በሼክስፒር ዘመን ዴዝዴሞናንም ሆነ ጁልየትን የሚጫወቱት ልጅ እግር ወንዶች ነበሩ። ሴቶች በእንግሊዝ የሕዝብ መድረክ ላይ በተዋናይነት መቆም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ ነው። የጃፓኑ ካቡኪ ደግሞ ይባስ። የጀመረችው ሴት ሆና ሳለ እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶች ከመድረኩ እንዲወርዱ ታዘዘ። በየአገሩ ሰበቡ አንድ ነበር፤ መድረክ ላይ የምትታይ ሴት ክብሯን እንደ ሸጠች ትቆጠራለች።

አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ወደ መድረክ የወጣችው ይህን ሁሉ አውቃ ነው። በሙያዋ መድረክ ላይ ከቆሙት የኢትዮጵያ ሴቶች መካከል ከመጀመሪያዎቹ አንዷ፣ በብዙዎች አንደበትም የመጀመሪያዋ ተብላ ትጠራለች። በ1948 ዓ.ም. የንግሥናው 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ። በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ይኸው ነው። አስናቀች በዚያ መድረክ ተጫወተች፤ ዘፈነች፤ ክራር መታች።

እዚህ ላይ «ክራር መታች» ሲባል ቀላል እንዳይመስለን። በገና የዳዊት ነው፤ የጾምና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ መኳንንቱም ይደረድሩት ነበር። ክራር ግን የጠጅ ቤት፣ የፍቅርና የጨዋታ መሣሪያ ሆና ኖራለች። «የሰይጣን መሣሪያ» ያሏትም ነበሩ። ሴት ክራር ይዛ ብትታይ ምን እንደምትባል ለአንባቢ መንገር አያሻም። እንግዲህ አስናቀች ሁለት ስድብ በአንድ ትከሻ ተሸከመች ማለት ነው፤ የተዋናይትነቱንና የባለ ክራርነቱን።

ደራሲነቷስ? የክራር ጨዋታ በአንድ ሰው የሚሠራ ቴአትር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች የአባት የእናት ውርስ ናቸው። ተጫዋቹ ግን በቅኝቱ ላይ የራሱን መንገድ ያወጣል፤ ስንኙን ያቀብላል፣ ይለዋውጣል፣ ሰሙን ጥሎ ወርቁን ይደብቃል። ዛሬ የዘፈነውን ነገ እንዳለ አይደግመውም። አስናቀች በዚህ መንገድ ደራሲም፣ ዜመኛም፣ ተዋናይም ነበረች። ቴአትር ቤት የተማረችውን ወደ ክራሯ አመጣችው፤ ዝም የምትልበትን ቦታ ታውቃለች፣ አንዲትን ቃል በሹክሹክታ ጥላ ሌላዋን ታነሣለች። ዘፈኗን የሰማ ሰው አንዲት ሴት በልብ ጉዳይ ስትሟገት የሚያይ ይመስለዋል።

ነገር ግን በመድረክ የተሠራ ሥራ መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል። የትወናዋ ድካም ከተመልካቹ ትዝታ ጋር አብሮ አረጀ። የተረፈን በሸክላና በካሴት የተቀረጸው ድምፅዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ አገር የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቁጥሩን «ባለ ክራሯ እመቤት» ብሎ ለእርሷ ሰጠ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፈች በኋላም ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ታሪኳን አቆየችልን።

ብዕር የያዘችው ሴት ዕጣ ይለያል። ስንዱ ገብሩ በአውሮፓ ተምረው፣ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተማሪዎቻቸውን በደረሱት ቴአትር አሠለጠኑ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያም «የልቤ መጽሐፍ» ታተመላቸው። ኋላም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ወረቀት ስለያዛቸው ማንም ደራሲነታቸውን አይክድም። ከእነርሱ በኋላ የመጣችው ዓለምፀሐይ ወዳጆ ሁለቱን መንገዶች በአንድ ሰው አገናኘቻቸው። ተዋናይት ናት፣ ገጣሚ ናት፣ ታላላቆቹ ድምፃውያን የተጫወቷቸውን ብዙ የዘፈን ግጥሞች የጻፈች ናት። በስደት በኖረችበት በዋሽንግተንም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን መሠረተች። እርሷ ስትነሣ መንገዱ ተጠርጎ ነበር ባይባል እንኳ ቢያንስ የእግር ዱካ ነበረበት። ዱካው የእነ አስናቀች ነው።

አሁን ወደ አሶሳ ልመለስ። አሶሳ የዙምባራ አገር ናት። የበርታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ድምፅ ይዘው ክብ ሠርተው ይነፋሉ፤ ዜማው የማንም ለብቻው አይደለም፣ የሁሉም ነው። በዚያው አገር በሠፈራ መንደሮቹ ማታ ማታ ባቲና አምባሰል ይሰማ ነበር። ሁለቱም የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ሠፋሪው ቀየውን ጥሎ ሲመጣ በዜማ አንጠልጥሎት መጣ ማለት ነው። እኒያ ልጃቸውን የከለከሉኝ አባትም ሲያመሽ አምባሰል ማንጎራጎር ይወዱ እንደነበር ከጎረቤቶቻቸው ሰምቻለሁ። ዜማውን የሚወድ ሰው ዜመኛዋን ያፍርባታል! ይህ የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ጠባይ ነው።

የእኔ ጥፋት ደግሞ ሌላ ነው። በዓሉ አልቆ እንግዶች ሲሰነባበቱ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ያቺን የሠርግ ዘፈን ማን ደረሰልህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ልጅቷ ከኋላ ወንበሮች ስትሰበስብ ነበር። እኔም አባቷን ፈርቼ፣ ነገሩም እንዳይበላሽ ብዬ፣ «ክበቡ ነው» አልሁ። ቀና ብላ አየችኝና ወንበሯን ይዛ ሄደች። አባቷ መድረኩን ከለከሏት፤ ስሟን የከለከልኋት ግን እኔ ነኝ።

ስለ አስናቀች በተጻፈ ቁጥር መልኳና አለባበሷ ቀድሞ ሲወሳ፣ ደራሲነቷም በግርጌ ሲቀር ያች «ክበቡ ነው» ያልሁባት ቀን ትመጣብኛለች። የልጅቷን ስም ዛሬም እዚህ አልጽፍም፤ ፈቃዷን አልጠየቅሁማ። ይህ ጽሑፍ እጇ ከገባ ግን፣ ዘፈኑ የእርሷ መሆኑን የማውቅ አንድ ምስክር እንዳለ ትወቅልኝ።