ራዲዮ በእጅ ሲሠራ፤ ከአቃቂ እስከ አምስት ኪሎ



የእድር ጥሩምባ ሲነፋ የሚሰማው ሰፈር ለሰፈር ነው። ከዚያ ወዲያ ላለው ወገን ወሬ ሲያደርስ የኖረው ራዲዮ ነው። ታዲያ ራዲዮ ሲባል ከሱቅ የሚገዛው ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በእጅ ሊሠራ እንደሚችልና አገራችንም በዚህ ሙያ ታሪክ እንዳላት ለማስታወስ ይህችን አጭር ጽሑፍ አቅርበናል።

የሰፈራችን የካዛንቺስ ስም የመጣው ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያም ከወረራው በፊት በጣሊያን እጅ የተሠራ ነው። አንሳልዶ የተባለው ኩባንያ የሠራው ይህ ጣቢያ በጥር 1927 ዓ.ም. ተመረቀ። ዓመት ሳይሞላው፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦርነቱ እየቀረበ ሳለ ለአሜሪካ ሕዝብ በራዲዮ ንግግር አደረጉ። ጣሊያን በሠራው መሣሪያ የኢትዮጵያ አቤቱታ ተሰማበት ማለት ነው።

መቀበያውን መሥራት ግን ኩባንያ አይጠይቅም። ጋሌና የሚባል የማዕድን ድንጋይ፣ በካርቶን ቱቦ ላይ ሰማንያ መቶ ዙር የተጠቀለለ ሽቦ፣ ከጣራ በላይ የተዘረጋ ረዥም ሽቦ፣ መሬት የሚገባ ሌላ ሽቦ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፤ በቃ ይኸው ነው። ባትሪ ድንጋይ እንኳ አይፈልግም፤ የሚሠራው ከአየር ላይ በሚመጣው በራሱ በሞገዱ ኃይል ነው። እርግጥ ነው፣ የሚሰማው በቅርብ ያለውን ኃይለኛ ጣቢያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በጣሊያን ምድር፣ አንዚዮ ላይ ምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮች ድንጋዩን ቢያጡ በምላጭና በእርሳስ ጫፍ ተክተው ሙዚቃ ያዳምጡ ነበር።

ማሰራጫውም ቢሆን ትንሽ ሊሆን ይችላል። አንድ ቫልቭ ወይም ትራንዚስተር፣ ሞገዱን በልክ የሚይዝ ኳርትዝ፣ የሞርስ መምቻ ይበቃዋል። ኃይሉ ከአንድ አምፑል ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ሞገዱ ከላይኛው አየር ላይ ነጥሮ ሌላ አህጉር ይደርሳል። ነገር ግን መስማትና ማሰራጨት አንድ አይደሉም፤ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማሰራጨት ክልክል ነው።

በንጉሡ ዘመን ከአገራችን በዚህ ሥራ ይነጋገሩ ከነበሩት አማተሮች ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ አሥመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት አሜሪካውያን ይጠቀሳሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ይህ ድምፅ ለዓመታት ጠፋ። ከደርግ ውድቀት ወዲህ ግን የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ተነሥቶ፣ ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ. የተባለው የክበቡ ጣቢያ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ተተከለ። አምስት ኪሎ ደግሞ ከኡራኤል ሩቅ አይደለም። የእኛው አገር ተማሪዎች ሽቦ እየበየዱ፣ በስማቸው ዓለምን የሚጠሩበት ቦታ ሆነ።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ እድራችን ሰው ይቀብራል እንጂ ሙያ መቅበር የለበትም። በየቤቱ ራዲዮ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አባቶችና ወንድሞች አሉን። በሕይወት ሳሉ ልጆቻችንን አጠገባቸው እናስቀምጥ። መብራት ሲጠፋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ አንድ ጥቅል ሽቦ ይዞ ከሩቅ ወሬ የሚሰማ ልጅ በሰፈር መኖሩ ለሁላችንም ይጠቅማል።