በረዶውን የሠራው ማን ነው?

እኛ «በረዶ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። የዛሬው ጨዋታችን ግን እንደ ባዘቶ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚወርደው ስለ ሌላው በረዶ ነው።

ጃፓናዊው ሠዓሊ ሂሮሺጌ እ.ኤ.አ. በ1833 ገደማ ኤዶን (የዛሬዋን ቶኪዮ) ከኪዮቶ ጋር በሚያገናኘው የቶካይዶ መንገድ ላይ ያሉትን 53 ማረፊያዎች በእንጨት ህትመት ማሳየት ጀመረ። መነሻውና መድረሻው ሲጨመሩ ሥዕሎቹ 55 ሆኑ። ከዝነኞቹ አንዱ የካምባራ ሌሊት ነው። ሦስት ሰዎች አቀርቅረው ጭር ባለ መንደር ያልፋሉ። ጣሪያው፣ ኮረብታው፣ መንገዱ ሁሉ በበረዶ ተሸፍኗል። የሚገርመው፣ ካምባራ ያለችው እንዲህ ያለ በረዶ እምብዛም በማይጥልበት ለዘብ ያለ የባሕር ዳርቻ ላይ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ያ ነጭ ነገር ቀለም አለመሆኑ ነው። ባዶ ወረቀት ነው!

እንዴት? ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ይነድፋል። ቀራጩ ንድፉን በቼሪ እንጨት ላይ ገልብጦ ይለጥፍና መስመሮቹን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይፈለፍላል። ለየቀለሙም ሌላ እንጨት ያዘጋጃል። ነጭ መሆን ያለበት ቦታ ከሁሉም እንጨቶች ላይ ይፈለፈላል፤ ቀለም አይነካውም ማለት ነው። በካምባራ ሰማይ ላይ የሚበተኑት ነጠብጣቦች ሳይቀሩ ቀራጩ አንድ በአንድ የቦረቦራቸው ናቸው። ከዚያ አታሚው ይረከባል። እንጨቱን አርጥቦ ግራጫውን ቀስ በቀስ እያሳሳ ሌሊቱን ያመጣል። በአንዳንዶቹ ህትመቶች ጨለማው ከሰማዩ አናት ይጀምራል፤ በሌሎቹ ደግሞ ከኮረብታው በላይ ያርፋል። ሥዕሉ ያው ሆኖ ሌሊቱ ተለወጠ፤ የለወጠው ደግሞ የአታሚው እጅ ነው።

ታዲያ ዓለም የሚያውቀው የማንን ስም ነው? የሂሮሺጌን! ቀራጩና አታሚው የት ገቡ?

እስቲ በዚያው ተከታታይ ሥራ ውስጥ ያለውን የጎዩን ሥዕል እንመልከት። ሴቶች መንገደኞችን እየጎተቱ ወደ ማደሪያ ቤት ያስገባሉ። ቤቱ ውስጥ ከተሰቀሉት ሰሌዳዎች ላይ ግን የማደሪያው ማስታወቂያ የሚመስል ጽሑፍ አለ፦ ቀራጭ ጂሮቤይ፣ አታሚ ሄይቤይ።

ሁለቱ የእጅ ባለሙያዎች ስማቸው የቀረው በአንድ ማደሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ ነው። እኛም የካምባራን ነጭነት ስናደንቅ ከሂሮሺጌ ቀጥሎ ቀራጭና አታሚ ብለን ብንጨምር ምን ይጎድልብናል?