ለሁለት የተከፈለው ክትባት

ካስተም አካባቢ በቦቴ የሚመላለስ ውሃ እየገዛ ለሚኖር ሰው ኮሌራ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። እ.ኤ.አ. በ2014 ጁባን ያስጨነቀው ወረርሽኝ ካበቃ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በጁን 2015 በሽታው ተመልሶ መጣ። ለአደጋው የተጋለጠው ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህል ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ክትባት ግን አልተገኘም።

የኮሌራ ክትባት በአፍ የሚሰጥ ሲሆን፣ ደንቡ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ክምችት የተጀመረው በሁለት ሚሊዮን ዶዝ ነበር፤ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሰው ብቻ የሚሆን ነው። በዚያው በ2015 መጀመሪያ ላይ በአገራችን በሻሸመኔ ገጠር ክትባቱ በሁለት ዙር ተሰጥቷል። ያ ግን አስቀድሞ የታቀደ ዘመቻ ነበር። ጁባ ጊዜውም ክትባቱም አልነበራትም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዶዝ ብቻ፣ ያውም ይበልጥ በተጋለጡት ሰፈሮች እንዲሰጥ ተወሰነ። የኮሌራን ክትባት ሆን ብሎ በአንድ ዶዝ ወስኖ ለሕዝብ ማዳረስ የተጀመረው በዚህ ከተማ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንዱ ዶዝ የሁለቱን ጥቅም ከግማሽ በላይ የሚሰጥ ከሆነ፣ ለእጥፍ ሰው ማዳረሱ ብዙ ነፍስ ያድናል። የሚከብደው ይህን ስሌት ይዞ ልጇን ካዘለች እናት ፊት መቆም ነው። እርሷ የምትጠይቀው ስለ ከተማው ሳይሆን ስለ ልጇ ነው፤ ለልጇ ደግሞ ሁለተኛው ቢጨመርለት ይሻለው ነበር። ያ ሁለተኛ ዶዝ የሄደው ለማታውቀው የሌላ ሰው ልጅ ነው።

በጁባ የተካሄደውና በ2016 የታተመው ጥናት፣ አንዱ ዶዝ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት 87 በመቶ ያህል እንደተከላከለ አሳየ። ይሁንና ስሌቱ የቆመው በላቦራቶሪ በተረጋገጡ 34 ሕሙማን ላይ ስለነበር ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። በዚያው ዓመት ከዳካ የወጣው፣ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ የአንዱ ዶዝ መከላከል በአጠቃላይ 40 በመቶ፣ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ዘንድ ግን 16 በመቶ ብቻ መሆኑን ገለጠ። የእጥረቱ ሸክም ይበልጥ የወደቀው በትንንሾቹ ትከሻ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህ ማስረጃ የወጣው ግን ጁባ ከወሰነች በኋላ ነው።

በበኩሌ ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ወረርሽኝ ሁለተኛውን ዙር ቆሞ አይጠብቅምና። የሚያሳስበኝ ለሕዝቡ የሚነገርበት ቃል ነው። የትርጉም ሥራ ስለሚያስተዳድረኝ ይሆናል፣ «አንድ ዶዝ ይበቃል» እና «ያለን አንድ ዶዝ ነው» የሚሉት ሁለት አባባሎች ለእኔ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ውስጥ እጥረቱ ይሰወራል፤ የጎደለውን የሚጠይቅም አይኖርም።

በኦክቶበር 2022 የክምችቱ ዓለም አቀፍ አስተባባሪ ቡድን በወረርሽኝ ጊዜ ሁለት ዶዝ መስጠቱን ለጊዜው ሲያቆም፣ ምክንያቱ እጥረት መሆኑን በግልጽ ተናግሯል፤ ይህ ያስመሰግነዋል። በ2023 መጨረሻ ከአምራቾቹ አንዱ ከሥራው ወጣ። በ2024 መገባደጃ ኮሌራ ከሬንክ ተነሥቶ ደቡብ ሱዳንን ሲያዳርስም፣ ሕዝቡ የተሰለፈው ለአንዲት ዶዝ ነበር።