የድሮዋ ቮልስ እና የመብራት ሽቦ

ወዳጆቼ፣ የድሮዋ ቮልስ በ6 ቮልት ነበር የምትሠራው። ሁለት ባለ 45 ዋት አምፖል ለማብራት 15 አምፔር ትፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ ወደ 12 ቮልት ስትዞር ያው ብርሃን በግማሽ ከረንት ተገኘ፤ ሽቦውም እፎይ አለ። በ1971 ባለ 60 ዋቱ ኤች4 ሃሎጅን መጣ። ኋላ ሰዉ ባለ 100 ዋት መግጠም ጀመረ፤ ለሁለቱ ወደ 17 አምፔር! የ6 ቮልት ዘመን ሸክም ተመለሰ ማለት ነው። ማብሪያው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። ፊውዝ ማሳደግ ደግሞ እሳት መጥራት ነው።

ተማሪዎቼ፣ ዛሬም የምላችሁ ያንኑ ነው፦ አምፖሉን ከመውቀሳችሁ በፊት መብራቱን አብሩና ቮልቱን ባትሪው ላይም ሶኬቱ ላይም ለኩ። ልዩነቱ ከሰፋ ጥፋቱ መሀል መንገድ ላይ ነው። መላው ከቴሌግራፍ ዘመን የወረስነው ሪሌ ነው፤ ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ያዛል፣ ዋናው ከረንት ከባትሪው በፊውዝና በወፍራም ሽቦ ይሄዳል።