«ደምህ ሙሉ ነው» ሲሉን

ብዙዎቻችን የምናውቀው የደም ማነስ ምርመራ አንድ ነው፤ ሄሞግሎቢን። ቁጥሩ ደህና ከሆነ «ደምህ ሙሉ ነው» ይባላል፣ ነገሩም እዚያ ያበቃል። የሳንባ ደም ሥር ግፊት ላለበት ሰው ግን እዚያ ማብቃት የለበትም። ለምን? ታሪኩ ከአውድማ ይጀምራል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1968 ስዊድናዊው ሐኪም ዪንግቬ ሆፍቫንደር ኢትዮጵያ ውስጥ ያካሄደውን የደም ጥናት አሳተመ። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ8 እስከ 18 ሚሊግራም አይረን ሲመከር፣ ጤፍ ተመጋቢው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ይበላ ነበር። ምንጩ እህሉ ብቻ አልነበረም። ጤፍ በበሬ እግር ሲበራይ አፈር ይቀላቀለዋል፤ አፈሩም አይረን አለው። ሰውነት ግን ከዚያ የሚወስደው ጥቂቱን ነው። ዛሬም «ጤፍ የአይረን ጎተራ ነው» ሲባል እንሰማለን። የበሉት ሌላ፣ ሰውነት ያስቀረው ሌላ።

ወደ እኛ ወደ ሀዋሳ እንምጣ። በሲዳማ ነፍሰ ጡሮች ላይ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር ተመራማሪዎች በጋራ ሠርተው በ2008 ያሳተሙት ጥናት፣ ሄሞግሎቢን ከአይረን ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚንክና ከኢንፌክሽንም ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ከፍታም አለ። ከመናኸሪያ ተሳፍሮ ሀገረ ሰላም የሚወርድ ሰው ከ1,700 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ወጥቷል። ደጋ ላይ ኦክስጅን ስለሚሳሳ የዓለም ጤና ድርጅት የሄሞግሎቢን መስፈርቱን ከፍ ያደርጋል። ሄሞግሎቢኗ 12.5 የሆነ ሴት ቆላ ላይ «ደህና ነሽ» ትባላለች፤ ሀገረ ሰላም ላይ ግን ደም አንሷታል።

ይህ ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው? ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ የልብ ቀኝ ክፍልም ይደክማል። ሰውነት የኦክስጅንን ማነስ የሚለይባቸው ኢንዛይሞች ደግሞ ያለ አይረን አይሠሩም። አይረን ሲያልቅ ሰውነት ኦክስጅን ያጣ ይመስለዋል። በ2009 የታተመ ጥናት ይህን በፔሩ ተራራ ላይ ፈተነው፤ ከቆላ የወጡ ሰዎች አይረን በደም ሥር ሲሰጣቸው የሳንባ ግፊታቸው ቀነሰ።

በ2011 የለንደን ተመራማሪዎች መነሻው ያልታወቀ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ያለባቸውን 98 ሕሙማን መረመሩ። 63 በመቶው አይረን አጥሯቸው ነበር። መለኪያው ሄሞግሎቢን አልነበረም፤ ሴሎች አይረን ሲርባቸው በደም ውስጥ የሚበዛው የትራንስፈሪን ተቀባይ ነው። እሱ ከፍ ያለባቸው ሕሙማን ዕድሜ አጠረ። ሄፕሲዲን የተባለው የጉበት ሆርሞንም ጨምሮ ተገኘ፤ ይህ ሆርሞን አይረን ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ በሩን ይዘጋል። የአይረን ክምችት የሚለካበት ፌሪቲንም ቢሆን በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ስለሚያሻቅብ ብቻውን ያሳስታል።

ታዲያ አይረን መስጠት ያድናል? በ2021 የታተሙ ሁለት ሙከራዎች በደም ሥር የተሰጠው አይረን የሕሙማኑን የመንቀሳቀስ አቅም አላሻሻለም አሉ። ስለዚህ የአይረን ማነስ የሕመሙን ክብደት የሚናገር ምልክት ነው፤ መድኃኒቱ ስለመሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም። በአገራችን ደግሞ የሳንባ ግፊት ካለባቸው ወጣቶች ብዙዎቹ የቶንሲል ሕመም ተከትሎ በሚመጣ የልብ ቫልቭ ጉዳት የታመሙ ናቸው። የለንደኑን ቁጥር እንዳለ ለእነሱ መለጠፍ አይቻልም።

እንዲያውም ልንጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው። አውድማውንም ከፍታውንም ያጠናች አገር፣ የራሷን የልብና የሳንባ ሕሙማን የአይረን ክምችት በወጉ መለካት አለባት። እርስዎም ይህ ሕመም ካለብዎት ሐኪምዎን «ሄሞግሎቢኔን አየነው፤ የአይረን ክምችቴስ?» ብለው ይጠይቁ። ሳይመረመሩ ግን ከፋርማሲ የአይረን ኪኒን ገዝተው አይዋጡ፤ ሲበዛም ይጎዳል።