ሳንቲም የሚበላው ማሽን ካርድ ሲቀበል

የአዲስ አበባ ነዋሪ ሳንቲም የሚበላ ማሽን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የመንገድ ዳሩ የሳንቲም ስልክ ነው። በአሜሪካ ግን ሳንቲም ተቀብሎ ለስላሳ፣ ቺፕስ፣ ቸኮሌትና ማስቲካ የሚሸጠው ቬንዲንግ ማሽን በየፋብሪካው፣ በየጋራዡና በየልብስ ማጠቢያ ቤቱ ይገኛል። ሁለትና ሦስት ማሽን ይዘው ከዋና ሥራቸው ጎን ለጎን የሚነግዱም ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ዛሬ ደንበኛው ሳንቲም በኪሱ አይዝም። በመሆኑም እያንዳንዱ ባለ ማሽን አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ካርድ ማንበቢያ ልግጠም ወይስ ይቅርብኝ? መልሱ ያለው ከቴክኖሎጂው ይልቅ በሒሳቡ ላይ ነው።

ከየት ተነሣ?

በሳንቲም የሚሠራ ማሽን አዲስ ነገር አይደለም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሄሮን፣ ሳንቲም ሲገባበት የተቀደሰ ውኃ የሚያፈስ መሣሪያ ገልጿል። በዘመናችን በ1883 (እ.ኤ.አ) ለንደን ላይ ፖስት ካርድ የሚሸጥ፣ በ1888 ደግሞ ኒውዮርክ ባቡር ጣቢያዎች ላይ የቶማስ አዳምስን ማስቲካ የሚሸጥ ማሽን ተተክሏል። የሁሉም መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፤ የሳንቲሙ ክብደትና መጠን ራሱ ማሽኑን ያንቀሳቅሰዋል። ካርድ ግን ክብደት የለውም። ስለዚህ በሳንቲሙ ቦታ የኤሌክትሪክ መልእክት መተካት ግድ ይላል።

የትኛው ማሽን ካርድ ይቀበላል?

ማሽኖቹን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ኤም.ዲ.ቢ የተባለውን መስፈርት የሚከተሉ ናቸው። በነዚህ ውስጥ ሳንቲም መቀበያው፣ የወረቀት ብር መቀበያውና ካርድ ማንበቢያው በአንድ የጋራ መስመር ከማሽኑ ዋና ሰሌዳ ጋር ይነጋገራሉ። ማንበቢያውን መግጠም ሶኬት ከመሰካት ብዙም አይለይም።

ሁለተኛዎቹ በምት የሚሠሩ የልብስ ማጠቢያና የመጫወቻ ማሽኖች ናቸው። ሳንቲም ሲገባ ማሽኑ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይቆጥራል። ለነዚህ የተሠራው ማንበቢያ ክፍያው ሲፈቀድ ሳንቲም የገባ አስመስሎ ምት ይልካል። ችግሩ የምቱን ዋጋ በትክክል ማስተካከል ላይ ነው። አንድ ምት 25 ሳንቲም መሆኑ ቀርቶ በስህተት 1 ዶላር ተብሎ ከተሞላ ደንበኛው ከሚገባው በላይ ይከፍላል።

ሦስተኛዎቹ እጀታቸውን በማዞር ማስቲካ ወይም መጫወቻ የሚጥሉ ትንንሾቹ ናቸው። ኤሌክትሪክ የላቸውም። ስለዚህ መደበኛውን ማንበቢያ የሚሰኩበት ቦታ የለም፤ የሳንቲም መቀበያው ክፍል በሞተር በሚሠራ ካልተለወጠ ካርድ አያስተናግዱም።

ከዚህ ሌላ ማንበቢያው ከባንክ የሚገናኘው በሞባይል ኔትወርክ ነው። ማሽኑ ምድር ቤት ከተቀመጠና ሲግናል ከሌለ ክፍያው አይፈቀድም። ያገለገለ ማንበቢያ በርካሽ የሚገዙም ይጠንቀቁ። የአሜሪካ ዋና ዋና የስልክ ኩባንያዎች በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን በመዝጋታቸው በዚያ ብቻ የሚሠሩ ዕቃዎች ዋጋ አጥተዋል።

የ21 ሳንቲሙ ትምህርት

ነጋዴ ካርድ ሲቀበል ለባንኮች የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ ከሽያጩ በመቶኛ የሚሰላና በየግብይቱ የሚቆረጥ ቋሚ ሳንቲም። በትልቅ ግዢ ላይ ቋሚው አይታወቅም። በ1 ዶላር ሽያጭ ላይ ግን ትርፉን ይበላዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሴናተር ዲክ ደርቢን ስም የሚጠራው ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ከኦክቶበር 1 ቀን 2011 ጀምሮ 10 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ሀብት ያላቸው ባንኮች በዴቢት ካርድ ግዢ የሚወስዱት ክፍያ በ21 ሳንቲምና በሽያጩ 0.05 በመቶ ተገደበ። በአማካይ 44 ሳንቲም ይከፍል ለነበረው ነጋዴ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ለማሽን ባለቤቶች ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ቀደም ሲል ለአነስተኛ ሽያጭ የቪዛ ልዩ ዋጋ 1.55 በመቶና 4 ሳንቲም ስለነበር ከ1 ዶላር ላይ የሚቆረጠው 6 ሳንቲም እንኳ አይሞላም ነበር። ጣሪያው ሲወጣ የካርድ ድርጅቶቹ ልዩውን ዋጋ ወደ ጣሪያው ከፍ አደረጉት። ነጋዴን ለመርዳት የወጣ ሕግ ትንሹን ነጋዴ ጎዳው።

ሒሳቡን በምሳሌ

ማንበቢያው 300 ዶላር፣ ወርሃዊ አገልግሎቱ 8 ዶላር፣ የሽያጭ ኮሚሽኑም 6 በመቶ ነው እንበል። ዕቃው በ1.50 ዶላር ይሸጣል፤ መግዣው 70 ሳንቲም ነው። ኮሚሽኑ 9 ሳንቲም ሲቀነስ ለባለቤቱ 71 ሳንቲም ይቀረዋል። የማንበቢያው ዋጋ በ36 ወር ሲካፈል 8.33 ዶላር ስለሚሆን የወሩ ወጪ 16.33 ዶላር ነው። ይህን ለመሸፈን በወር 23 ሽያጭ ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። 23ቱ ሽያጮች ካርድ ባይኖር ኖሮ ጨርሶ የማይገኙ መሆን አለባቸው። ቀድሞ በሳንቲም ይገዙ ከነበሩት 40ዎቹ ወደ ካርድ ቢዞሩ ባለቤቱ ከነሱ 3.60 ዶላር ያጣል እንጂ አያተርፍም። ስለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሽያጭ ወደ 28 ከፍ ይላል። ብዙ ሠራተኛ በሚውልበት ፋብሪካ ይህ ቀላል ነው። ጥቂት ሰው በሚያልፍበት ጥግ ለቆመ ማሽን ግን ዕዳ ይሆናል። በ25 ሳንቲም ማስቲካ ላይማ 10 ሳንቲም ቋሚ ክፍያ ቢቆረጥ የሽያጩ 40 በመቶ ሄደ ማለት ነው።

ጉድለቱን ለመሙላት አንዳንዶች በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ዋጋ ይቀንሳሉ። ይህን የሚያደርግ ሁለቱንም ዋጋ ማሽኑ ላይ በግልጽ መለጠፍና የሚሠራበትን ክፍለ ግዛት ሕግ ማየት ይኖርበታል። ማንበቢያው ለጊዜው ከዕቃው ዋጋ በላይ ገንዘብ ሊይዝ እንደሚችልና ልዩነቱ በኋላ እንደሚለቀቅም አብሮ ቢጻፍ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

በሌላ በኩል ማንበቢያው ከሽያጭ ውጪም ጥቅም አለው። ምን እንደተሸጠና ምን እንዳለቀ በየዕለቱ ስለሚያሳውቅ ባለቤቱ በከንቱ አይመላለስም፤ ከሳጥን የሚሰረቀውም ገንዘብ ይቀንሳል።

ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለባቸው አራት ነገሮች ናቸው፤ በየግብይቱ የሚቆረጥ ቋሚ ሳንቲም አለ ወይ? ወርሃዊ ክፍያው ሽያጭ በሌለበት ወርም ይቆረጣል ወይ? ውሉ ስንት ዓመት ያስራል? ማሽኑ በቆመበት ቦታስ ሲግናል አለ? በተረፈ ማንበቢያውን በሁሉም ማሽኖች ላይ ከመግጠም ይልቅ ብዙ በሚሸጠው አንድ ማሽን ጀምሮ የሦስት ወር ሒሳቡን ማየት ይሻላል።